ፈረንጁ ይግጠምልዎ

ትናንት ሰቆጣ ገበያ ዳር አንድ በያጅ ብረት ሲሞርድ ሰምቼ ቆምኩ። ድምፁ ወደ አባቴ የቀጥቃጭ ጎጆ መለሰኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የወረዳው ሹም ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እንዲያበጅለት ለአባቴ አመጣ። ጥይቶቹን የሚይዘው ክብ ብረት ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ካልዞረ አይሠራም ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ሞርዶ የድመት ጥፍር የምታህል ቆልማማ ብረት ገጠመለት። ምላጩ ሲሳብ እሷ ክቡን ገፍታ ቀጣዩን ጥይት ታመጣለች። ሹሙ ስድስቱንም ወደ ገደሉ አከታትሎ ተኮሰና ሳቀ።

«አሥመራ ፈረንጅ ሠራው እላለሁ። የቡዳ እጅ ነካው ብል ማን ያምነኛል?»

«እስቲ አንዴ ይስጡኝ» አለ አባቴ። ሽጉጡን ፈታ፣ ጥፍሯን አወጣ፣ ያለ እሷ ገጥሞ መለሰለት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ፈረንጁ ይግጠምልዎ፣ ጌታዬ።»

«አሳስርሃለሁ!»

«ያሳስሩኝ። ማን እንደሠራት ግን እዚያም እናገራለሁ።»

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ሹሙ እየዛተ ሄደ፤ ሳምንት ሳይሞላም አባቴን አሳሰረው። ወር ቆይቶ ከስቶ ተመለሰና ምን እንዳጠፋ ስጠይቀው፣ «እጄን አልክድም አልኩ» አለኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ፣ ድምፄን ሳልቀንስ «የቀጥቃጩ» እላለሁ።