ቺካጎን ይዘን ፕሪንስዳል ደጅ የቆምን ዕለት

ሮመን፣ ሳይነጋ

ቅዳሜ ነው። የኦስሎ በረዶ ሲጥል አድሮ ከደጃፋችን የቱ መኪና፣ የቱ የቆሻሻ ገንዳ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። በዚህ ብርድ ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ሥራ እንኳ የለም፤ ያስነሳኝ ሽምግልና ነው። ሽምግልና ደግሞ አባት ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ነው የሚኬደው።

ጉዳዩ ይኸውላችሁ። እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው ቢኒያም፣ ሰላም የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ከወር በፊት የላካቸው ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ፕሪንስዳል ሰፈር አባቷ ቤት ገብተው፣ ሶፋው ላይ ተዘርግተው፣ ኬኩን ጥርግ አድርገው በልተው ሲያበቁ ልጅቷን ጠየቁ። ሽማግሌ መልስ እስኪሰጠው ቆሞ እንደሚጠብቅ የነገራቸው የለም። አባትየው አቶ ግርማ፣ ሶፋዬ ላይ ተንጋሎ ልጄን የሚጠይቀኝ የለም ብለው ሸኟቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ሰው እንደሚቀበሉ፣ ከዚያ ወዲያ በራቸውን እንደማይከፍቱም ላኩበት። ሰላም ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። እንግዲህ ያቺ አንዲት ጊዜ ዛሬ ናት።

የቢኒያም አጎት ጋሽ ወንድሙ ለዚሁ ብለው ከቺካጎ መጥተው እኔ ቤት አርፈዋል። ሥራቸው ቱሪስት በአውቶቡስ ጭኖ የጣሊያን ማፊያ የነገሠባቸውን የድሮ ሰፈሮች ማስጎብኘት ነው። ከመጡ ጀምሮ ስለ ማፊያ ሲያወሩ አንጀቴ እስኪቆስል አስቀውኛል። ዛሬ ግን ኮታቸውን እያለበስኳቸው፣ አደራ፣ እዚያ ቤት ይቺን ወሬ እንዳያነሷት አልኳቸው። በእመቤቴ ስም ማሉልኝ።

ወደ ትቬይታ

ሦስተኛው ሽማግሌ ባለታክሲው ሰይድ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ምላሱ ማር። እሱን የያዘ ሽማግሌ አያፍርም ተብሎ በኦስሎ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ወሬ ሲያገኝ አይችልም። ገና ሮመንን ሳንለቅ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ስለነዚያ ጣሊያኖች አንዲት ብቻ ይንገሩኝ" አላቸው።

ጋሽ ወንድሙ ፊታቸው በራ። አሜሪካ መጠጥ በሕግ ስትከለክል የጣሊያን ወንበዴዎች በየምድር ቤቱ ድብቅ መጠጥ ቤት እየከፈቱ እንዴት እንደከበሩ፣ ደቡቡን እነሱ፣ ሰሜኑን ተቀናቃኞቻቸው ከተማዋን እንዴት እንደተቀራመቷት ዘረዘሩልን። የሰሜኑ አለቃ አበባ ወዳድ ስለነበር የአበባ ሱቅ ነበረው አሉ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ጣሊያኖቹ ሰላም ሊሉት መጥተው፣ ቀኝ እጁን ጨብጠው እንደያዙት ተኮሱበት። ሰይድ በድንጋጤ የትቬይታን መታጠፊያ አልፎት ሄደ።

ተመልሰን ስንደርስ ቢኒያም ሰፈሩ ነዳጅ ማደያው ጋ ለቁርሳችን ትኩስ ቦሌ ይዞ ይጠብቀናል። ቦሌ ዘቢብ ያለበት የዚህ አገር ዳቦ ነው፤ ዋጋውን ብነግራችሁ ቁርሳችሁን ትተፋላችሁ። ልጁ ተጨንቋል። መኪና ውስጥ ሆኜ ልጠብቃችሁ ብሎ ለመነን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ እቤትህ ግባ ብለን አንድ ላይ ጮህንበትና ትተነው ሄድን።

ፕሪንስዳል

የአቶ ግርማ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ትልቁ መስኮት ወደ መንገዱ ያያል። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባንና ሦስታችን ተደርድረን ቆምን። የጋሽ ወንድሙ ካልሲ አውራ ጣታቸው ጋ ተቀዷል። አቶ ግርማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ኮስታራ ናቸው። ቁጭ በሉ አሉን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ሰይድ በዚያ ምላሱ ነገሩን አሳምሮ አቀረበው።

አቶ ግርማ ወደ ጋሽ ወንድሙ ዞረው፣ ከአሜሪካ የመጡት እርስዎ ነዎት፣ ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው አሏቸው።

ምን ይበሉ? በሽምግልና አይዋሽም። "ማፊያ ነው የማስጎበኘው" አሉ ጋሽ ወንድሙ።

እኔ እዚያው ቀለጥኩ። ሰይድ በሆዱ ዱዓ ማድረግ ጀመረ። አቶ ግርማ የዚያ የታወቀው የቺካጎ ማፊያ አለቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ወንድሙ፣ ያን ሁሉ ደም አፍስሶ ፖሊስ መያዝ ሲያቅተው ያስያዙት የግብር ሰዎች ናቸው አሉ። ከጓዳ የሰላምና የእናቷ ሳቅ ተሰማ። ለካ አቶ ግርማ ሥራቸው እዚሁ ኦስሎ ግብር ቤት ነው! ከንፈራቸው ትንሽ እንደ መፈታት አለና መልሰው ኮስተር አሉ።

"ታዲያ የወንበዴ ታሪክ እየተረከ የሚኖር ሰው፣ ልጄን ለመጠየቅ እንዴት ደፈረ?"

ጋሽ ወንድሙ ቀልዳቸው ሁሉ ጠፋ። "አቶ ግርማ፣ እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ ያስለቀሱት የገዛ አገራቸውን ስደተኛ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውን። በሩን ሲያንኳኩ እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ይህን ስተርክ ነው የኖርኩት። እርስዎ ግን እምቢ ሊሉን ይችላሉ። የቆምነው ለዚህ ነው።"

አቶ ግርማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አለቀልን አልኩ በልቤ።

"እዚያ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሁለት አውቶቡስ ያሳለፈው ልጅ የእናንተ ነው?" አሉ።

እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቢኒያም ነው። በአውቶቡስ ተከትሎን መጥቶ፣ ትከሻው ላይ በረዶ ተቆልሎበት፣ ሦስተኛው አውቶቡስም ቆሞለት ሳይሳፈር ዓይናችን እያየ አለፈው። የእኛ ነው፣ እንዳይመጣ ነግረነው ነበር አልኳቸው።

"እናንተ ተቀመጡ" አሉ አቶ ግርማ። "እሱንም ጥሩት። የልጄ ባል በብርድ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።"

የሚጠራው ማን ይሁን ብለን እርስ በርስ ስንተያይ የውጪው በር ተበርግዶ ኖሯል። ሰላም በነጠላ ጫማ በረዶውን እየረገጠች ወደ ፌርማታው ስትሮጥ አየናት።