ሽልሜ ያረፈችባት

ወልቂጤ፣ ሱቄ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ስፈታ ሽታው ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ይወስደኛል።

በልጅነቴ፣ በአረፋ ማለዳ ልጆች ሁሉ ጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ ሰፊ መስክ፣ ቆመን ሽልሜን እንጠብቅ ነበር። በዓመት አንዴ የምትመጣ ወፍ ናት፤ ላባዋ እንደ ፍም ያበራል። አናቱ ላይ ያረፈችበት ልጅ ዕድሜ ልኩን ገበያ ያወጣው ዕቃ ሳይሸጥ አይመለስበትም።

አንድ ዓመት ቅቤ ትወዳለች ብዬ የእናቴን ሰርቄ አናቴን ለቀለቅሁት። መጣች፤ አንዴ ዞረችኝና፣ ንፍጧን ስትጠርግ የነበረችው ታናሽ እህቴ ዘሃራ ላይ ቁጭ አለች። አለቀስኩ። ለሰው ግን ቅቤው ዓይኔ ገባ አልኩ።

አያቴ በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

«እሷ በምን ትበልጠኛለች፣ አባባ?»

«በምንም። አንቺ ላይ ብታርፍ ግን በማግስቱ ቡታጅራ ወስደሽ ትሸጫት ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ገና ስትዞረኝ ዋጋ ቆርጬላት ነበር።

ዛሬ የዘሃራ ሱቅ ከኔ ፊት ለፊት ነው። ገና ከቀትር በፊት ቅቤዋን ጨርሳ፣ «እትዬ፣ ደንበኛ ልስደድልሽ?» ትለኛለች፤ ከልቧ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ፋታ አጣሁ» እላታለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።