የአጃቢዎቹ ልብስ

ትናንት ጥቁር ቀሚሴን ሳጥብ ውሃው ከሰል የተበጠበጠበት መሰለ። ባለቤቴ አየለ ካረፈ ወዲህ ከላዬ ያልወረደ ቀሚስ ነው። ፀሐይ ያሞቀው ሳፋ ውስጥ ሳሸው ያ የርጥብ ጥቁር ቀለም ሽታ፣ ብረትና ጭስ የተቀላቀሉበት የሚመስለው፣ ፊቴ ላይ ወጣና እጄን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ብዙ ቆየሁ። ሰሞኑን የጀመርኩትን ነገር ሁሉ መጨረስ ያቅተኛል። ይህንንም የምጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው።

ሽታው የወሰደኝ መካነ ሰላም ውስጥ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ወደነበረው የእማማ ዘሐራ በርሜል ነው። በዚያ ዘመን በከተማችን ሐዘን የደረሰበት ሰው ነጭ ልብሱን ይዞ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ግማሽ በርሜል ውሃ አፍልተው ቀለሙን ይበጠብጡበትና ልብሱን በረጅም እንጨት እያገላበጡ ከል ያደርጉታል። እሳቸው ሙስሊም፣ ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ክርስቲያን ነበሩ፤ ልብሱን ሲያስረክቡ ግን ለሁሉም «አብሽሩ፣ አላህ ያጽናችሁ» ማለታቸው አይቀርም።

እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ በቀበሌው ኪነት ውስጥ እስክስታ እወርድ ነበር። እኛ ተወዛዋዦቹ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ ተሰፍቶልናል። ከኋላችን ቆመው የሚያጅቡን ወንዶች ግን ያገኙትን ነበር የሚለብሱት። ዋሽንት ነፊው የተማሪ ሹራብ፣ ክራር መቺው እጅጌው የረዘመበት የወንድሙ ካኪ ኮት፤ ከበሮ መቺው ደግሞ ቀይ ሸሚዝ ነበረውና እኛ ትከሻችን እስኪገነጠል ብንወዛወዝም የሰው ዓይን ከዚያ ቀይ ሸሚዝ አይነሣም። መሰንቆ የሚመታው አየለ ነበር። ያኔ ለእኔ ምኔም አይደለም፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ዝምተኛ ወጣት ብቻ።

ከደሴ የተላከልን አሰልጣኝ ይህን አይቶ ተጨነቀ። የአጃቢ ልብስ ጭፈራውን መሻማት የለበትም፣ ሰዉ ድምፁን ሰምቶ ዓይኑን ሴቶቹ ላይ ያሳርፍ ብሎ ብዙ አስረዳን። ዛሬም ሳስበው አሳቡ ትክክል ነበር። አዲስ ልብስ ማሰፋት የማይታሰብ ስለነበር ያለውን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ማድረግ ቀላል መሰለውና የአጃቢዎቹን ልብስ ሰብስቦ ለእማማ ዘሐራ አስረከበ። እማማ ዘሐራ ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም፤ ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠየቅም። የአንድ ቤት ወንዶች በሙሉ ከል ሊለብሱ ነው ብለው ከልባቸው እያዘኑ አጠቆሩለት።

ትርኢቱ የሚታየው በገበያ ቀን፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ለእኔ የዋዛ ቀን አልነበረም። ከከላላ አንድ ቤተሰብ ለልጃቸው ጠይቀውኝ ሽማግሌዎቹ መልስ እየጠበቁ ነው። ብቻዋን ያሳደገችኝ እናቴ ጭፈራዬን በዓይኗ አይታ ልትወስን መጥታለች። ከወደደችው እቆያለሁ፤ ካልወደደችው በበቅሎ ተጭኜ ወደማላውቀው ሰው ቤት እሄዳለሁ። ከፊት፣ ሣሩ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ስትቀመጥ አየኋት።

ወጣን። አጃቢዎቹም ከኋላችን ጥቁር በጥቁር ሆነው ተሰለፉ። መሰንቆው ሲጀምር ሰዉ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ግን የደስታ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በግ ልትሸጥ የመጣች ሴት ገመዱን እንደጨበጠች «እኔን ይድፋኝ፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷም አላወቀችም፤ ቢሆንም ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶው ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሄድ ትከሻዬ ደርቆ ቀረ። እናቴ ብድግ ብላ መጥታ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ልጄን ልቀቁ! ከል ለባሽ ከኋላዋ ገትራችሁ ምን ልታሟርቱባት ነው?»

«እትዬ፣ ዓይን እንዳይስቡ ብለን እኮ ነው» አለ አሰልጣኙ።

«ዓይን እንዳይስቡ? ይኸው ገበያው ሁሉ ያለቅስልሃል!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም በቃሽ። ነገውኑ ለከላላ ሰዎች እሺ እላለሁ።»

ያን ጊዜ አየለ መሰንቆውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠና ሸሚዙን በሰው ሁሉ ፊት አወለቀ። ቀለሙ ገና አልያዘም ነበርና በላብ ታጥቦ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ እንደ ድስት ቂጥ አጥቁሮታል። ወደ ደረቱ፣ ከዚያም ወደ እናቴ አየና በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «እማማ፣ ሸሚዙንስ አወለቅኩት፤ ይኼንን በምን ላውልቀው?» አላት።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ላለመሳቅ የነጠላዋን ጫፍ ብትነክስም አልሆነላትም። ቀጥሎ ባለ በጓ ሴት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው «እንካ፣ ንፋሱ ሳይመታህ» አሉት፤ ሌሎችም ገበሬዎች ለሌሎቹ አጃቢዎች አዋሷቸው። አንዱ ጋቢ ንጹሕ፣ አንዱ ጭስ የጠጣ፣ አንዱ ጤፍ የተረጨበት ነበር። እናቴ ክንዴን ስትለቅ የጣቶቿ ምልክት ቆዳዬ ላይ ቀርቷል።

«ሂጂ እንግዲህ» አለችኝ፣ «አሁን ሰው መስለዋል።»

እንደዚያ ቀን ጨፍሬ አላውቅም። የከላላ ሽማግሌዎች በጨዋ ቃል ተሸኙ፤ የኪነቱ አጃቢዎች ልብስም ከዚያ ወዲያ ጋቢ ሆነ፤ አሰልጣኙ ራሱ ወደ ደሴ ሲመለስ አንድ ይዞ ሄደ። አየለ ከዓመታት በኋላ አገባኝ። ልጆች ወልጄ፣ ወገቤ ደንድኖ፣ በየሠርጉ እየተጠራሁ ስጨፍር ሁሉ ከኋላዬ ነበር።

ዛሬ በሠርግ ላይ ከሚጨፍሩት ልጃገረዶች ጀርባ ከሰው ቁመት የበለጠ ድምፅ ማጉያ ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ ልጅ ኪቦርዱን ይነካና ወደ ስልኩ ይመለሳል። ልጆቹ ከእኛ ሳይሻሉ አይቀሩም። ነገር ግን የሚያጅባቸው ሰው ስለሌለ ምን ይልበስ ብሎ የሚጨቃጨቅም የለም። ዋሽንት ነፊው ሞተ፤ ከበሮ መቺው ሞተ፤ ክራር መቺው ቆላ እንደወረደ ቀረ። የመጨረሻው አየለ ነበር።

ሊያጽናኑኝ የሚመጡ የእድሜ እኩዮቼ እሱን ያነሡልኛል፦ ጋቢው ከግራ ትከሻው እየተንሸራተተ እንዴት እንደሚያስቸግረው፣ ሲመታ አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር፣ ዓይኑን ከትከሻዬ ላይ እንደማያነሣ። «ታስታውሺው የለ?» ይሉኛል፤ እኔም አዎ እላለሁ። ግን ይህን ሁሉ አገሩ አየ እንጂ እኔ አላየሁትም፤ ፊቴ ወደ ሰዉ ነበር። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ትከሻዬ መዛል ሲጀምር፣ እኔ ራሴ ሳላውቀው በፊት፣ መሰንቆው ከኋላዬ ዝግ ይልልኝ ነበር፤ ሰዉም ደከማት አይልም፣ ዜማው ነው ይላል።

አሁን ከጓዳ እስከ ደጅ ስሄድ እንኳ ይደክመኛል። ዝግ የሚልልኝ የለም።