ለቤዛ የተነጠፈ አልጋ

ሥራ የጀመርኩት ቀን የሰጡኝ ሸሚዝ ሁለት ሰው ያስገባ ነበር። ዩኒፎርም ክፍል የሚሠሩት እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ታድግበታለህ» አሉኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሳቸው የወረኢሉ ሰው፣ እኔ የኮምቦልቻ፤ የወሎ ሰው ሲገናኝ ቀልድ አይቸግረውም። ቁልፉን አጠጋግተው ሰፉልኝና ወደ ሥራ ላኩኝ።

የተቀጠርኩት ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ካለ ትልቅ ሆቴል፣ በሃውስማንነት ነው። ሴቶቹ ጋሪያቸውን እየገፉ ክፍል ያጸዳሉ፤ ሃውስማን ደግሞ ቆሻሻውን አንሶላ ይሰበስባል፣ ንጹሑን ፎጣ ያደርሳል፣ ተጨማሪ አልጋ የጠየቀ እንግዳ ሲኖር አልጋውን በሠራተኛ ሊፍት ይዞ ይወጣል። ሕፃን የያዘ እንግዳ ሲመጣ ክሪብ ያነጥፋል። ክሪብ የሕፃን አልጋ ነው፤ አራት ጎማ፣ ዙሪያውን ዘንግ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ፍራሽ። ከእኛ በላይ የፎቁ ሱፐርቫይዘር አለች፣ ከእሷ በላይ ማናጀር አለ። ከእሱ በላይ ያለውን ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሊፍት ይጠብቅ ነበር።

የመጀመሪያ ክሪቤን ለአሥራ አራተኛ ፎቅ አደረስኩ። እንግዳ ነው፣ ያውም ሕፃን፤ ታዲያ እንዴት ባዶ ፍራሽ ላይ ይተኛል ብዬ ሁለት ለስላሳ ትራስ ጨመርኩበት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ ከግርጌው አደረግሁ። ራቅ ብዬ ሳየው ለሙሽራ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ሱፐርቫይዘሬ ሎርና ገባች። አጭር ፊሊፒናዊት ናት፣ ስትራመድ ድምፅ የላትም። ትራሶቹን አነሳች፣ ብርድ ልብሱን አነሳች፣ አንሶላውንም ገፈፈችው። ትራስ ሕፃን ያፍናል አለችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ጎማዎቹ ተቆልፈው ይፈተሻሉ። ዘንጎቹ እየተነቀነቁ ይሞከራሉ። በፍራሹና በዘንጉ መሐል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ፍራሹ ይነሳና ሥሩ በእጅ ይዳሰሳል። አንሶላው እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ ከሕፃኑ በስተቀር ምንም አይቀመጥም።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ የተናገረችውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ክሪብ ላይ የመጨረሻው እጅ ያንተ ይሁን። ካንተ በኋላ ሰው ከነካው፣ ከመጀመሪያው ጀምር።»

መጀመሪያ ላይ ሴትየዋ ነገር ታከራለች ብዬ አምቼያት ነበር። አንድ ቀን ግን ከአንድ ክሪብ ፍራሽ ሥር የሰው ጥርስ አገኘሁ። ሙሉ፣ የላይኛው ረድፍ፣ ሰው ሠራሽ። ቀደም ሲል በክፍሉ የነበሩት እንግዶች አያት አውልቀው አስቀምጠውት ኖሯል። ሰውየው ቦልደር ሲቲ ድረስ ሄደው ከልጃቸው ቤት ሾርባ ብቻ እየጠጡ ከረሙ አሉ። ከዚያ በኋላ ፍራሽ ሳላነሳ አልጋ አንጥፌ አላውቅም። ይኼ ልማድ ነው በኋላ ጉድ ያፈላብኝ።

ወይንሸት እኔ በምሠራበት ፎቅ ክፍል የምታጸዳ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ባሏ ታደሰ ታክሲ ይነዳል። በተጋቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው፣ የሐኪም ቤት ደጅ መጥናት ሲሰለቻቸው፣ ከአገር ቤት ልጅ በማደጎ ለማምጣት ወሰኑ። ያኔ የውጭ ማደጎ ገና አልተከለከለም። አዲስ አበባ አንድ ማሳደጊያ ውስጥ ያለች የሰባት ወር ሕፃን ፎቶ ተላከላቸው፤ ስሟ ቤዛ። ወይንሸት ፎቶውን ከጋሪዋ ላይ፣ ከሳሙናዎቹ ጎን ለጥፋ ነበር የምትሠራው። ክፍል ጨርሳ በወጣች ቁጥር ታየዋለች። እኛም በዚያ ባለፍን ቁጥር እናያለን። ልጅቷ ሳትመጣ የፎቁ ሁሉ ልጅ ሆነች።

ወረቀቱ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለልጅቷ ክፍል እንዲኖራት ብለው ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰፋ ወዳለ አፓርታማ ተዛወሩ፣ ቤት ሲቀየር ደግሞ ለማደጎ የሚደረገው የቤት ጉብኝት ይደገማል። ቤቱን የምታጣራው ሶሻል ወርከር መጥታ ካላጸደቀች ፋይሉ አይንቀሳቀስም፣ ልጅቷም ከማሳደጊያው አትወጣም። ወይንሸት ምሳ ሰዓት ላይ መጣችና «ጋሼ ሰይድ፣ ማክሰኞ ኦፍ ነዎት አይደል? ሴትየዋ ቤቱን ቼክ ልታደርግ ትመጣለች። ክሪቡን እርስዎ ያንጥፉልኝ» አለችኝ። ኩራቴን ልደብቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሰኞ ከሺፍት በኋላ ሄጄ የገዙትን የእንጨት ክሪብ ገጠምኩ። ጎማ፣ ዘንግ፣ ሁለት ጣት፣ አንሶላ፣ ሁሉንም እንደ ሕጉ። ከዚያ ሴቶቹ ስጦታ ይዘው መምጣት ጀመሩ፣ እኔም ደክሞኝ ስለነበር ትራስ እንዳታስገቡ ብዬ አስጠንቅቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሎርናን ሕግ ያፈረስኩት ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እኔም እዚያው ሳለሁ ሶሻል ወርከሯ መጣች። ዳያን ትባላለች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች፣ ሁሉን የምትጽፍ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን አየች፣ መድኃኒት የሚቀመጥበትን አየች። እትዬ ዘነበች ለእንግዳ የሚሆን ነገር ለማቀራረብ ብለው መጥተው ኩሽና ነበሩ። ዳያን የልጅቷ ክፍል ስትደርስ አልጋው በደንብ መገጠሙን ጠየቀች። ታደሰ ወደ እኔ አመለከተ፣ ይኼ ሰው ሥራው ነው አላት።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። ዘንጉን ነቀነቅኩላት። ሁለት ጣቴን አስገብቼ አሳየኋት። እሷም ጥሩ ነው፣ ይበቃል አለች። እኔ ግን መች በቃኝ፤ ሥሩም ይፈተሻል ብዬ ፍራሹን ብድግ አደረግሁት።

ቢላ ነበር። ጥቁር እጀታ ያለው፣ በነጭ ጨርቅ ግማሹ የተጠቀለለ የወጥ ቤት ቢላ።

ሁላችንም አየነው። ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አደረገች። የዳያን እስክሪብቶ ቆመ።

እኔ ወዲያው ገብቶኛል። በእኛ አገር አራስና ጨቅላ ባለበት ቤት ከራስጌ ብረት ይደረጋል፣ ክፉ ነገር እንዳይቀርብ። እናቴም ለእኔ አድርጋለች። ይህን እያወቅሁ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴቶች ያሉበት ቤት ውስጥ አልጋ አንጥፌ ጥዬ መሄዴ ነው የሚያናድደኝ።

ታደሰ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካርቶን የከፈትንበት ነው በልልን አለኝ። ለማለትም ዳር ዳር ብዬ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ከኩሽና መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የኔ ነው» አሉ። «ንገራት። አምስት ልጅ ያሳደግሁት እንዲህ ነው በላት። ውሸት ገብቶበት የሚመጣ ልጅ ደግሞ እንዳይሆን።»

ታደሰን አየሁት፤ አቀረቀረ። እኔም እንዳሉት ተረጎምኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ዳያን ሰማች፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀች፣ ጻፈች። አልተቆጣችም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር አይታ ማጽደቅ እንደማትችል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ እንደምታይ ነገረችን። ቢላውን እትዬ ዘነበች አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሦስቱ ሳምንት ከባድ ነበር። ወይንሸት ከእትዬ ዘነበች ጋር መነጋገር አቆመች፣ ዩኒፎርሟን ስትቀበል እንኳ ቀና አትልም። ሌላ ጊዜ ሦስት አዝራር እየሰፉ አራት ሰው የሚያስቁት ሴትዮ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ አፈርኩ። ለሎርና ሁሉንም ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ አልጋውን መጨረሻ የነካው ማን ነበር?

በማግሥቱ ዩኒፎርም ክፍል ሄድኩ።

«እትዬ፣ ብረቱ የግድ ቢላ መሆን አለበት?» አልኳቸው።

መርፌያቸውን ይዘው አሰቡ። «ብረት ብረት ነው» አሉ። «በቃ ብረት ይሁን እንጂ።»

«እንግዲያው አልጋው ራሱ ብረት ቢሆንስ?»

ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። ከዚያ ደግሞ አንተ ልጅ ሸሚዙን አደግህበት አሉኝ።

የሆቴላችን ክሪቦች የብረት ናቸው፤ ማን እንደሚሠራቸው አውቃለሁ። እኔና ታደሰ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ካለ መጋዘን ሄደን አንዱን፣ ነጭ ቀለም የተቀባውን፣ በታክሲው ጭነን አመጣን። መንገድ ላይ ታደሰ ዋሽልኝ ስላለኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ልዋሽልህ ተቃርቤ ነበር አልኩት። እትዬ ዘነበችን ከሥራ መልስ ወይንሸት ራሷ ሄዳ አመጣቻቸው። በጥፍራቸው ዘንጉን አንኳኩት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ወይንሸት ጉልበታቸውን ሳመች።

ዳያን ስትመለስ በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር ማንም እጁን አላሳረፈም፤ ለዚህ ስል በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ፍራሹን እሷ ራሷ አነሳችው። ምንም የለም። ለምን አልጋው እንደተቀየረ ጠየቀች፣ ነገርኳት። ወደ እትዬ ዘነበች ዞራ ይኼ ይበቃል ወይ አለቻቸው። «ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» አሉ። ዳያን ፈገግ ብላ ፈረመች።

ወይንሸትና ታደሰ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ኦፍ የነበረው ሁሉ ኤርፖርት ወጣ፤ ከምሳ እረፍታቸው ቆርሰው በዩኒፎርም የሄዱም ነበሩ። እኔ አልሄድኩም። አፓርታማው ውስጥ አልጋውን አንጥፌ እየጠበቅሁ ነበር። እትዬ ዘነበች ኩሽና ውስጥ ገንፎ ያገነፋሉ። ሳትወልድ ምን ገንፎ አለ ያሉ ነበሩ፤ እሳቸው ግን «አሥራ አንድ ዓመት ያማጠች ሴት ገንፎ ካልበላች ማን ይበላል?» ብለው ዘግተውታል። አንድ ጊዜ ወደ ክፍሉ መጥተው ደፉ ላይ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ፈትሸኝ» አሉ።

ከቀትር በኋላ መጡ። ቤቱ በአንዴ ሞላ። ወይንሸት ልጅቷን በነጠላ ታቅፋ ነበር፤ ቤዛ አልተኛችም፣ አላለቀሰችም፣ በትልልቅ ዓይኖቿ ሁላችንንም ተራ በተራ ታየን ነበር። እንዲህ ዓይነት ሱፐርቫይዘር ሎርናም አትሆን። ወዲያው ዓይኗ ከበድ ከበድ ይል ጀመር። ወይንሸት ላስተኛት ብላ ወደ አልጋው ተራመደች። በዚያው ቅጽበት ታደሰ፣ ደክሞት፣ የልጅቷን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ ክሪቡ ላይ አስቀመጠው።

ቆዩ አልኩ።

ቦርሳውን አነሳሁ። አንሶላውን ገፈፍኩት። ጎማዎቹን ፈተሽኩ፣ ዘንጎቹን ነቀነቅሁ፣ ሁለት ጣቴን አስገባሁ። ፍራሹን አነሳሁና ሥሩን ዳሰስኩ። አዲስ አንሶላ አውጥቼ ወጠርኩ። ሃያ የሚሆን ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ገንፎው ይቀዘቅዛል፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ልጇን አልጋ ላይ ልታስተኛ የመጣች ሴት እጇ ዝሎ ትጠብቀኛለች። ስጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

ወይንሸት አስተኛቻት። ቤዛ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘረጋች፣ ነጩን ብረት ጨበጠች፣ እንደያዘችው ተኛች። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እትዬ ዘነበችም እጄን ይዘው ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ሃውስማን ሲያገኘኝና ምክር ሲጠይቀኝ የምለው ይኸው ነው። ክሪብ ካነጠፍክ በኋላ ሌላ እጅ ከነካው፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ሰው ቆሞ ቢጠብቅህም።