ስለ ሰሚራ በስልክ የሰጠሁት መልስ

ይህን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለእናቴም አልነገርኩም። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ከንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቆሜ፣ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ እየለቀምኩ ተናግሬአለሁ። የዚህ ተራ ሲደርስ ግን አፌ ይያዛል። «ሌላስ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። በኃጢአቴ ላይ ውሸት ደርቤ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብዬ እመለሳለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል።

ያደረግኩት ነገር ሲነገር አጭር ነው። ስልክ ተደውሎ ስለ ጓደኛዬ ተጠየቅኩ፤ ዋሸሁ። የዋሸሁት አንድ ቃል ነው። ሰው በአንድ ቃል ይህን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል ያን ቀን አላወቅኩም። ባውቅስ ኖሮ እተወው ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩት አልነግራችሁም። መልሱን እፈራዋለሁ።

ጓደኛዬ ሰሚራ ትባላለች። የአብነት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ሁሴን ከወሎ መጥተው፣ አብነት ውስጥ ልብስ እየሰፉ ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። እኔ ያደግኩት ልደታ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የአካባቢ ጤና ስናጠና ጠዋት አብረን ታክሲ እንሰለፋለን፣ ከሰዓት አብረን እንመለሳለን። በጾም ቀን እነሱ ቤት ከሄድኩ እናቷ ለእኔ ብለው ሽሮ ለብቻ ይሠሩልኝ ነበር። አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማሪዎች ማኅበር ገባን። ማኅበራችን የአንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር ቅርንጫፍ ነበር። በየዓመቱ በአንዱ አገር ጉባኤ ይደረጋል፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ጥናት ያቀርባሉ፣ አመራር ይመርጣሉ፣ ባንዲራቸውን ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። እኔና ሰሚራ እነዚያን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ እያየን ስንት ከሰዓት አሳልፈናል። ከእኛ ቅርንጫፍ ግን አንድም ሰው ሄዶ አያውቅም ነበር። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆንኩ። ማኅተሙ እኔ ጋ፣ ኢሜይሉም እኔ ጋ ነበር። ቢሮ ስላልነበረን በደብዳቤዎቻችን ግርጌ የሚጻፈው ስልክ ቁጥርም የእኔው ነበር።

አራተኛ ዓመት ስንደርስ ጉባኤው አውሮፓ ውስጥ ሆነ። አዘጋጆቹ ከእኛ አንድ ተማሪ ሙሉ ወጪ ችለው እንደሚጋብዙ ጻፉልን። በጥናት ተወዳደርን። ሰሚራ ሦስት ወር ሙሉ አብነትን ቤት ለቤት እየዞረች፣ ሰው የቦኖ ውሃ የሚያጠራቅምበትን ጀሪካን ስትመረምር ከርማ ነበር። ውሃው ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚበከል በስንት ማስረጃ አሳየች። የእኔ ጥናት ከመጽሐፍ የተቃረመ ነበር። እሷ አንደኛ ወጣች፣ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። ዳኞቹ አላዳሉም። ይህን አስረግጬ የምናገረው፣ በኋላ ለራሴ ሌላ ታሪክ ስነግረው ስለኖርኩ ነው።

ተጠባባቂዋም ለማንኛውም ቪዛ ትጠይቅ ተባለ። ለሁለታችንም ለኤምባሲው የሚሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ፈረመ፣ እኔ ማኅተም መታሁበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለታችንም ማመልከቻችንን አስገባን።

ጋሽ ሁሴን ለልጃቸው ካፖርት ሰፉላት። ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ገበሩ ወፍራም። ስትለካው ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን መሬት ላይ አድርገው ጠርዙን እያስተካከሉ፣ «ማሂ፣ አንቺም ከሄድሽ ላንቺም እሰፋለሁ» አሉኝ።

«እኔ ተጠባባቂ ነኝ ጋሼ። አልሄድም።»

«አላህ ያለው አይታወቅም ልጄ።»

ሰሚራ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር እያለች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር? ያኔ ብትጠይቁኝ ደስ ብሎኛል እላችሁ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያን ቀን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ጠቆር ብሎ ሲቀመጥ ተሰምቶኛል። አላባረርኩትም። እንዲያውም አብሬው ውዬ አብሬው አደርኩ።

ስልኩ የተደወለው ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜአለሁ። ቁጥሩን አላወቅኩትም።

«የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው?» አለች አንዲት ሴት። ከኤምባሲው መሆኗን ነገረችኝ።

«አዎ።»

«የድጋፍ ደብዳቤ ለማረጋገጥ ነበር። ማህሌት ለምትባል ተማሪ የተጻፈው ከእናንተ ነው?»

«አዎ፣ ከእኛ ነው።»

ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ።

«ሰሚራ ሁሴን ለምትባልስ?»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። እኔም አብሬ ተንቀሳቀስኩ። ከዚያ፣ «አይደለም» አልኩ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም።»

ልብ በሉልኝ። ሴትየዋ አልሰማችኝም። ቃሌ ገና አየር ላይ ነበር፤ ልመልሰው እችል ነበር። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም፣ አልተደናገጥኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አይደለም፣ ለእሷ ደብዳቤ አልጻፍንም» አልኩ። አመስግናኝ ዘጋችው። ታክሲው መጣ፤ ገባሁ፤ ለረዳቱ ሒሳብ ሰጥቼ በመስኮት ውጭ ውጭ እያየሁ ሄድኩ። 

ከአሥር ቀን በኋላ የሰሚራ ፓስፖርት ከአንድ ወረቀት ጋር ተመለሰ። ወረቀቱ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሻል ይላል። ሊቀመንበራችን ተቆጣ፤ ራሴ ኤምባሲ ሄጄ አስረዳለሁ አለ። «ተወው፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ» አልኩት። አልጻፍኩም። ጽፌ መልስ አልመጣም ብዬ ነገርኩት። እንግዲህ አንድ ቃል ነው የዋሸሁት ያልኳችሁም ውሸት ነው።

የእኔ ቪዛ ወጣ። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሰሚራ ካፖርቱን በፌስታል ይዛ ቤታችን መጣች። «አባቴ ነው የላከው፤ ብርዱ ይከፋል ብሎ» አለችኝ። ጥናቷንም በፍላሽ አምጥታ ሰጠችኝ። «አንቺ አቅርቢው ማሂ። የአብነትን ሰዎች በከንቱ አድክሜአቸው እንዳልቀር።» ዓይኖቿ አብጠው ነበር። ስለ ራሷ ግን አንድ ነገር አላወራችም።

ሄድኩ። ካፖርቷን ለብሼ ከአውሮፕላን ወረድኩ። ከስንት አገር በመጡ ተማሪዎች ፊት ቆሜ፣ አንድም ቀን ያላንኳኳሁትን ቤት እንዳንኳኳሁ አድርጌ ተናገርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ ከስሜ በታች ነበር። እኔ ነኝ እንዲያ አድርጌ ያስቀመጥኩት። አጨበጨቡልኝ። ባንዲራ ይዤ ፎቶ ተነሳሁ። እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች በኋላ የማስተርስ ዕድል ሰጡኝ፤ በማስተርሱ ዛሬ ያለሁበትን ሥራ አገኘሁ። የእኔ ሕይወት ከዚያ መድረክ ላይ ነው የበቀለው። ስሩ ምን ላይ እንደቆመ እኔ ብቻ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ቶሎ አላነሳም። አንድ ቀን አንድ ሰው ደውሎ፣ «ያን ጊዜ ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?» የሚለኝ ይመስለኛል።

ሰሚራ ግን አልራቀችኝም። ብትርቀኝ ኖሮ ይቀልለኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ተቀጠረች፤ ከድር የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር አገባች፤ ሀናን ተወለደች። ሀናን ከእኔ ጋር ስትገናኝ ቦርሳዬን ከፍታ እስክትበረብር አታርፍም ነበር። ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ የታወቀው አራት ዓመቷ ላይ ነው። አምስት ሲሆናት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወደ አውሮፓ ወስዶ ሊያሳክማት ተቀበላት። አገሩ ያው እኔ የሄድኩበት አገር ሆነ። አብሯት አንድ ወላጅ መሄድ ይችላል ተባለ።

ሰሚራ ጠየቀች። ከለከሏት። የክልከላውን ወረቀት ይዛ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ መጣች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ዘረጋችልኝ።

«ማሂ፣ አንቺ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ታውቂያለሽ። ያኔ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሻል ነው የሚሉኝ። የትኛው ሰነድ እንደሆነ ወላሂ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የሠራተኛ ስህተት ይሆናል፣ አይደል?»

«ይሆናል» አልኩ።

ፍርዴ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን በደል የሠራሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሁለተኛውን የሠራሁት ግን በሠላሳ ዓመቴ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ልጇን እያወቅኩ ነው። እውነቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ብፈርም ኖሮ ምናልባት ይፈቅዱላት ነበር። ሥራዬን አሰብኩ። ስሜን አሰብኩ። ባሌ ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ስለ ሀናንስ አላሰብኩም? አሰብኩ። አስቤም ነው የተውኩት። ሁለት ገጽ ያማረ አቤቱታ ጻፍኩላት፤ እውነቱ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። አቤቱታው ተመለሰ። ከድር ልጁን ይዞ ሄደ።

ሀናን ከቀዶ ጥገናው በፊት በስልክ እናቷን፣ «አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት። ሰሚራ ናት የነገረችኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ሀናን ሞተች። እዚያው አገር ቀበሯት።

ልጅቷን እኔ አልገደልኳትም። ሐኪሞቹ ቀድሞውንም አስጊ ነው ብለው ነበር። ይህን ለራሴ እላለሁ፣ እውነትም ነው። ግን አምስት ዓመት የሞላት ልጅ የእናቷን እጅ ሳትይዝ የሞተችው ለምን እንደሆነ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለቅሶው ላይ አብነት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሰሚራ ለሴቶቹ፣ «እሷ ናት ስትጽፍልኝ፣ ስትደክምልኝ የነበረችው» ብላ እኔን አሳየቻቸው። መረቁኝ። ጋሽ ሁሴን አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው እኔ ዘንድ ድረስ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ ልጄ» አሉኝ። እርግማን ቢሆን እችለው ነበር። ያ ምርቃት ግን እነሆ ሦስት ዓመት ሲያስፈራኝ ኖረ። የሚከፈለኝ ምንድን ነው? መቼ ነው የሚከፈለኝ? ልጄን ባሳላት ቁጥር መጣ እላለሁ።

ባለፈው ወር ሰሚራ እንደገና መጣች። የሀናንን መቃብር ማየት ፈልጋለች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፈሩን ነክቼ እመለሳለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር ማሂ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

የቪዛውን ቅጽ ልሞላላት ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ያንኑ ውሸት ለሦስተኛ ጊዜ ማሳመር አቃተኝ፣ ደከመኝ። ቅጹን ትቼ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ እኔ ማህሌት፣ ያን ጊዜ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበርኩ፣ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ እውነተኛ ነበር፤ ውሸቱን የተናገርኩት በእሷ ቦታ ለመሄድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ ነው ያነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሀናን ስትሄድም ታውቂ ነበር።» አልጠየቀችኝም፤ እንዲሁ ነው የተናገረችው።

«አውቅ ነበር።»

 ታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። እግሯ ላይ ልወድቅ ተነሳሁ፤ «ሰሚራ» ብዬ አፌን ስከፍት እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አለች።

ቀኑን ጻፍኩ።

«ፈርሚበት።»

ፈረምኩ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ ደረጃውን ወረደች። እስከ ታች ድረስ እርምጃዋን ሰማሁት። አንድም ጊዜ ቆም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። ማመልከቻዋን ከእኔ ወረቀት ጋር እንዳስገባች ከድር በአጭር መልእክት አሳወቀኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈም። ይፍቀዱላት አይፍቀዱላት አላውቅም። ወረቀቱ መሥሪያ ቤቴ ከደረሰም ይድረስ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሰሚራም ልጅ ነበረች። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሴትየዋ አልሰማሁሽም ስትለኝ የደገምኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቀው አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሷም እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። እሷ ያልሰማችኝን ይቅርታ እናንተን አልለምንም።