የልምምዷ ሮቦት

ትናንት በአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የቀለጠ ሊድ ጭስ ሸተተኝና ቆምኩ። ልቤ ልጅ ሳለሁ ወደተማርኩባት ሮቤ ከተማ ሄደ፤ ሮቦት ወደምንሠራበት የትምህርት ቤታችን ቀዝቃዛ ዕቃ ቤት።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የሮቦት ቡድናችን ሦስት ሮቦቶች ነበሩት። አንዷ አዲስ አበባ ለውድድር የምትሄደው ነበረች፤ ሁለቱ ለልምምድ ብለን ከአሮጌ መጫወቻና ከተበላሸ ቴፕ ሞተር የሠራናቸው ነበሩ። ተራዬ ደርሶ አንዷን ስነዳ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደቀችና ሽቦዋ ተበጠሰ። ከእንግዲህ መቆጣጠሪያውን የሚያስነካኝ የለም ብዬ እንባዬ መጣ።

ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት መምህርት ሰዓዳ ግን ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ እኮ የተሠራችው እንድትወድቅ ነው! ነይ፣ አንቺው አንሺያት።»

ሮቦት እንዲወድቅ ይሠራል እንዴ? አልገባኝም። የመበየጃውን ካውያ ሲሰጡኝ ሽቦዋን በየድኩ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሮቦቷ ስትንቀሳቀስ ጓደኛዬ ሐዋ «ጋሪዳ! ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበች።

የውድድሯ ሮቦት ከአዲስ አበባ ስትመለስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባት። የልምምዷን ግን እኔና ሐዋ ትምህርት እስክንጨርስ ስንጥላትና ስናነሳት ኖርን።

«እህቴ፣ ስልክሽ ምን ሆነ?» አለኝ ስልክ ጠጋኙ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቢያየኝ።

«ምንም አልሆነም» አልኩት፤ «ትንሽ ልቁም ብዬ ነው።»