በሞቴ ብዬ ያጠጣሁት ሹፌር

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው ስነግረው «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?» ይሉኛል። እኔ መሪ ጨብጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። ግን አንድ ሰው ጠጥቶ በማሽከርከር ሲፈረድበት አብሬው አንገቴን ደፍቻለሁና አይረሳኝም።

እንጅባራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጌታነህ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄ ነው። ከእንጅባራ ዳንግላ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ማኅበርም አብረን እንጠጣለን።

የዚያን እሑድ ማኅበሩ የእኔ ተራ ነበር። ጌታነህ ስድስት ሰዓት ገደማ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «አበልጄ፣ ዛሬ ለእኔ ውሃ ብቻ። ስምንት ሰዓት ላይ ዳንግላ የማደርሳቸው ሰዎች አሉ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «እንዴ! ስንት ቀን የለፋሁበትን ጠላ ትተህ የቧንቧ ውሃ ልትጠጣ? ሰው ምን ይለኛል? በል በሞቴ!» አልኩት።

እኛ ዘንድ በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጠጣ። ደግሜ ቀዳሁ፣ ደግሜ በሞቴ አልኩ። አራት ብርጭቆ ሞላሁለት። ሊነሳ ሲል አንድ መለኪያ አረቄ ጨመርኩለት፤ እየሳቀ ገለበጣት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ ጠላን ከመጠጥ አልቆጥረውም ነበር። የሚያሰክረው የመሸታ ቤቱ እንጂ የማኅበር ጠላ ሰው ላይ ጉድ ያመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዕቃ አጥቤ ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ። ጌታነህ በዳንግላ መንገድ አዲስ ቅዳም ከተማ ሊደርስ ሲል፣ ለቅሶ ደርሰው በፈረስ የሚመለሱ አንድ አዛውንት ገጭቷል። ፈረሱ እዚያው ሞተ። የሰውየው እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከነእርጥብ እጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጌታነህ ለትራፊክ ፖሊሱ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ኧረ እኔ መጠጥ አልጠጣሁም፣ ጠላ ብቻ ነው!» ይጠቅመኛል ብሎ እኮ ነው!

ሰው ሁሉ ጉዳተኛውን ለማትረፍ ሲሯሯጥ የትንፋሹ ምርመራ ዘገየና ማስረጃ ሳይሆን ቀረ። በኋላ ጌታነህ ቃሉን ቀየረና «የጠጣሁት ብርዝ ነው» አለ። ያልፈላ የማር ውሃ ማለቱ ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ እኔን በምስክርነት ጠራኝ። ቤቱ የእኔ፣ የቀዳሁትም እኔ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

የቀጠሮው ዋዜማ ባለቤቱ ጥሩዬ ቤቴ መጣች። ጠበቃው ነግሯታል። የመንገድ ጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ከሆነ ቅጣቱ ቀለል ይላል፤ ጠጥቶ መንዳቱ ከተረጋገጠ ግን እስሩም ይከብዳል፣ መንጃ ፈቃዱም ይታገዳል። እጄን ይዛ፣ «ብርዝ ነው በይ፣ ሌላ ምንም አልልሽም። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ተስማምቷል። ልጆቼን ያለ አባት አታስቀሪብኝ» አለችኝ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እሺ አልኳት።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ብርዝ፣ ብርዝ እያልኩ በልቤ አጠናለሁ። አግዳሚው ሞልቷል። ክራንች የያዙ አንድ ሽማግሌ አዩኝና እንደምንም ፈቀቅ ብለው፣ «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ፊትሽ ልክ አይደለም፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አባባ፣ እርስዎ አይቸገሩ።»

«እኔስ ምን እቸገራለሁ፣ ዘንድሮ ሥራዬ መቀመጥ ሆኗል» ብለው ሳቅ አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና «የግል ተበዳይ ይግቡ» ተባለ። ሽማግሌው ክራንቻቸውን አነሱ። እኔ ያጠጣሁት ሰው የሰበራቸው እሳቸው ነበሩ፤ ቦታም የለቀቁልኝ እሳቸው።

የእኔ ተራ ደረሰና መሐላ ፈጸምኩ። ዐቃቤ ሕጉ «ተከሳሹ በዚያ ቀን ቤትዎ ምን ጠጣ?» አለኝ። ጥሩዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጌታነህ ዓይኑን አልነቀለብኝም። ብርዝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ክራንቹ ላይ አረፈ።

«አራት ብርጭቆ ጠላና አንድ መለኪያ አረቄ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሱ እኮ አልጠጣም ብሎኝ ነበር። በሞቴ እያልኩ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔም...»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አሉኝ ዳኛው።

ጌታነህ አሥር ወር እስራት ተፈረደበት። መንጃ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ታገደ። ጥሩዬ ከችሎት ስትወጣ ባጠገቤ አልፋ ሄደች። እስከ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። አልፈርድባትም።

እሱ ከተፈታ ቆይቷል። በቀደም ጨርቅ ልገዛ ዳንግላ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት፤ እንደ ማንም ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጧል። ልሸሸው ነበር፣ እሱ ግን «አበልጄ፣ ነይ እዚህ» ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ስለ ልጄ ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናቡም አወራን። ስለ ፍርድ ቤቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። አደጋው ወደደረሰበት ቦታ ተቃረብን። አንገቱን አስግጎ ሹፌሩን፣ «ወንድሜ፣ እዚች ጋ ቀስ በልልኝ» አለው። ሹፌሩ ለምን ሳይል ፍጥነቱን ቀነሰ።

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢጠሩኝ ያንኑ እናገራለሁ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። እሱ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። እኔ ላይ ግን ማንም አልፈረደብኝም። አንዳንድ ቀን፣ ምነው ፈርደውብኝ በተገላገልኩ እላለሁ።